ስለ እርሾ ፈንገስ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው ከበሩ ጀምሮ እየተናገረ ይገባል። ፈንገስ ያስቸገራት ሴት ግን ሌላው ሰው እስኪወጣ ድረስ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት እንዲሁ፣ ጃንጥላዋ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ሦስት ሰው አሳልፋ ቀረበችና ስልኳን አዞረችልኝ። «ፍሉኮናዞል» የሚል የፈንገስ ክኒን ስም ብቻ ተጽፎበታል። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ገዝታ እንደዋጠችው፣ ትንሽ ሻል ብሏት እንደሚመለስባት ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሽታም አለው» አለች።

ያቺ አንዲት ቃል ነገሩን ሁሉ ለወጠችው። እርሾ ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ሽታ የለውም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ችግሩ የባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ሦስቱንም ጊዜ ገንዘቧን ያወጣችው ለሌላ በሽታ መድኃኒት ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሹክሹክታ የሚቀርቡልኝ ናቸው። እዚህ በግልጽ ልመልሳቸው።

እርሾ ፈንገስ ሲባል የሊጥ እርሾ ማለት ነው?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። እርሾ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ የፈንገስ ዓይነት ነው። ዳቦ የሚያስነሣው ሳካሮማይሲስ ይባላል። ሰው ላይ ሕመም የሚያመጣው በአብዛኛው ካንዲዳ የሚባለው ሲሆን፣ ከካንዲዳ ዝርያዎችም በብዛት የሚገኘው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው።

ካንዲዳ በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀት፣ ቆዳና በሴት ብልት ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል። ጎረቤቶቹ የሆኑ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችና የሰውነታችን የመከላከል አቅም ልክ ያስይዙታል። ሚዛኑ ሲናጋ ይራባል፤ ያኔ ማሳከክ፣ መቅላትና ማቃጠል ይመጣል። ስለዚህ «ማን አስያዘኝ?» ብለው ራስዎን ወይም ባለቤትዎን አያስጨንቁ። የሚበጀው «ምን አስነሣብኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ታዲያ ምን ያስነሣዋል?

በመድኃኒት ቤታችን በብዛት የማየው ምክንያት አንቲባዮቲክ ነው። ለጉሮሮ ተብሎ አሞክሲሲሊን የወሰደች ሴት በሳምንቱ ስለ ማሳከክ ልትጠይቅ ትመለሳለች። መድኃኒቱ የጉሮሮውን ባክቴሪያ ሲገድል በብልት ውስጥ ያሉትን ጠባቂ ባክቴሪያዎችም አብሮ ያጠፋቸዋል። ካንዲዳ ደግሞ ባክቴሪያ ስላልሆነ በአንቲባዮቲክ አይሞትም፤ ባዶውን ቤት ያገኛል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ሳያስፈልግ የተዋጠ ክኒን ሌላ ሕመም ይዞ ሲመጣ ማየት ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው የስኳር በሽታ ነው። በደምና በሽንት ውስጥ ስኳር ሲበዛ ለፈንገሱ ምግብ ይሆንለታል። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር ክኒኖች ስኳሩን በሽንት እንዲወጣ ስለሚያደርጉ የብልት ፈንገስን ያባብሳሉ። ይህ ከደረሰብዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።

እርግዝና በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ያስነሣዋል። በቂ ሕክምና ያላገኘ ኤች አይ ቪ፣ የካንሰር ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ የሚባለው መቆጣትን የሚያበርድ ክኒን የመከላከል አቅምን አዳክመው በር ይከፍቱለታል።

እርጥበትም አለ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ በክረምት ልብስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ጠዋት ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ለመሄድ ስንጣደፍ ገና እርጥበቱ ያልለቀቀ፣ ጭስ ጭስ የሚል የውስጥ ልብስ እንለብሳለን። ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት የተገናኙበትን ቦታ ይወዳል። የውስጥ ልብስ ከጥጥ ይሁን፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ቅድሚያ ይሰጠው፤ ፀሐይ ከጠፋም በደንብ በጋለ ካውያ ተተኩሶ ይደረቅ።

የብልት ፈሳሼ ፈንገስ መሆኑን በምን ልወቅ?

በመጀመሪያ፣ ሴት ልጅ ጤነኛ ሆናም ፈሳሽ አላት። ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ፣ የማያሳክክና የማይሸት ከሆነ ሕክምና አይፈልግም። ከወር አበባ ዑደት ጋር መጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል።

የእርሾ ፈንገስ ዋናው ምልክት ማሳከክ ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማሳከክ። ከብልት ውጭ ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ይኖራል። ፈሳሹ ካለ ነጭና ወፈር ያለ፣ እንደ አይብ ፍርፍር የሆነ ነው። አንዳንዷ ላይ ግን ፈሳሽ እምብዛም የለም፤ ማሳከኩ ብቻ ነው።

ፈሳሹ ሳሳ ብሎ ግራጫ ቢጤ ከሆነና የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው፣ በተለይም ከግንኙነት በኋላ ሽታው የሚብስ ከሆነ፣ የብልት ባክቴሪያዎች መዛባት ሊሆን ይችላል። ይህ በሜትሮኒዳዞል የሚታከም ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ አረፋ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ትሪኮሞናስ የሚባለውን የአባላዘር በሽታ ያስጠረጥራል፤ እሱም በሜትሮኒዳዞል ይታከማል፤ በዚህኛው ግን የትዳር ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት። ሜትሮኒዳዞል ለእርሾ ፈንገስ ምንም አይሠራም። ፍሉኮናዞልም ለሁለቱ አይሠራም። በግምት የተገዛ መድኃኒት የማያድነው ለዚህ ነው።

በምልክት ብቻ መለየት ለእኛም ይከብዳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከፈሳሹ ጥቂት በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይለያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠማት፣ ያረገዘች፣ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ያላት፣ ከወር አበባ ውጭ ደም የምታይ ሴት ሳትመረመር መድኃኒት አትግዛ። እኔ ጋ ብትመጣም ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምልካት።

ሕክምናው ምንድን ነው? ስንት ቀን ይፈጃል?

ለተራው የብልት እርሾ ፈንገስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በብልት ውስጥ የሚገባ ክሎትሪማዞል ነው። 500 ሚሊ ግራም የሆነው አንድ ሌሊት ብቻ፣ 200 ሚሊ ግራም የሆነው ሦስት ሌሊት፣ 100 ሚሊ ግራም የሆነው ስድስት ወይም ሰባት ሌሊት ይገባል። ሁለተኛው 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል ሲሆን አንድ ጊዜ በአፍ ይዋጣል። የማዳን ኃይላቸው ተቀራራቢ ነው። ውጭ ያለው ቆዳ በጣም ካሳከከ ክሎትሪማዞል ክሬም በስሱ ይቀባል።

የሚገባውን መድኃኒት ስትጠቀሙ እጅ ታጥባችሁ፣ ልትተኙ ስትሉ፣ በጀርባ ተጋድማችሁ ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርጉት። ጠዋት ነጭ ቅሪት ቢፈስ መድኃኒቱ ነው፤ አትደንግጡ። የወር አበባ ካለ እስኪያበቃ ቆዩ፤ ደሙ መድኃኒቱን ጠርጎ ያወጣዋል። ቅባትነት ያለው መድኃኒት ኮንዶምን እንደሚያሳሳም አትርሱ።

ብዙዎቹ በሁለት ሦስት ቀን ይሻላቸዋል። ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ መድኃኒቱን ከመድገም ይልቅ መመርመር ይሻላል። እብጠቱና መቅላቱ ከባድ ሲሆን ሐኪም ሁለተኛ ፍሉኮናዞል ከሦስት ቀን በኋላ ሊያዝ ይችላል።

ፍሉኮናዞል ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ያጠነክረዋል፤ ግሊቤንክላሚድ ከሚባለው የስኳር ክኒን ጋር ሲሆን ስኳር ከልክ በላይ እንዲወርድ ያደርጋል። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ፣ የጉበት ሕመም ካለብዎትም፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

እርጉዝ ነኝ። የትኛውን ልውሰድ?

በአፍ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል አይውሰዱ። ከውርጃ ጋር የሚያያይዙት ጥናቶች አሉ፤ በከፍተኛ መጠን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲወሰድም ፅንሱን ይጎዳል። ለእርጉዝ የሚመረጠው ክሎትሪማዞል ሲሆን በብልት ውስጥ ለሰባት ሌሊት ይገባል። ለክትትል በሚሄዱበት ቀን ለአዋላጅዋ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ የሚገፋውን ማስገቢያ ፕላስቲክ ስለ መጠቀምም ይጠይቋት። ማርገዝዎን ከተጠራጠሩ ግን እርግጠኛ ካልሆኑ፣ እሱንም ይንገሩን።

በረመዳን መድኃኒቱን እንዴት ልጠቀም?

ይህ ጅማ ውስጥ በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ፍሉኮናዞል አንድ ክኒን ብቻ ስለሆነ ከአፍጥር በኋላ ይዋጣል። የሚገባውም ቢሆን የሌሊት መድኃኒት ነው፤ ከአፍጥር በኋላ ልትተኙ ስትሉ ይገባል። ሕክምናውን እስከ ዒድ ማቆየት አያስፈልግም።

የአባላዘር በሽታ ነው? ባለቤቴስ መታከም አለበት?

የአባላዘር በሽታ ተብሎ አይመደብም። ግንኙነት ጀምራ የማታውቅ ልጅም ሊይዛት ይችላል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይገጥማቸዋል። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ባልና ሚስት አይቻለሁ፤ ጠቡ አላስፈላጊ ነበር።

ባልየው ምልክት ከሌለው መድኃኒት አያስፈልገውም። የብልቱ ጫፍ ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ነጭ ነገር ከታየበት ግን እሱም ይታከም፤ በክሎትሪማዞል ክሬም ይድናል። ወንድ ላይ ሲደጋገም ስኳሩን መለካት ይገባል። ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ኖሮ በዚህ ምልክት የሚታወቅ ሰው አለ።

ይድንና ይመለስብኛል። ለምን?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ወንበር ስቤ ነው የምቀመጠው፤ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለምና።

በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተመላለሰ ተደጋጋሚ ይባላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በእርግጥ ፈንገስ ነው ወይ?» የሚለው ነው። መግቢያ ላይ ያነሣኋት ሴት ታሪክ ከዚህ ይመጣል። ከላቦራቶሪ ማረጋገጫ ሳይገኝ ለአምስተኛ ጊዜ ያንኑ ክኒን መዋጥ ትርጉም የለውም። ለሳሙና ወይም ለሽቶ የተቆጣ ቆዳም ልክ እንደ ፈንገስ ያሳክካል፤ በማረጥ ዕድሜ የደረቀ ብልትም እንዲሁ።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ስኳር ይለካ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግ። ሁለቱም በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ናቸው። ፈንገስ የተመላለሰባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ከሁለቱም ነፃ ሆነው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ምርመራው አያስፈራችሁ። አንቲባዮቲክ በየጊዜው ትወስዱ እንደሆነም ያስቡት።

ቀጥሎ የሚመጣው የፈንገሱ ዝርያ ነው። ካንዲዳ ግላብራታ የሚባለው በፍሉኮናዞል በቀላሉ አይሸነፍም፤ ካንዲዳ ክሩሲ ደግሞ ከነጭራሹ አይነካውም። እንዲህ ያለውን ለመለየት ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ መብቀል አለበት። ዝርያው የተለመደው አልቢካንስ ከሆነ ሐኪም የሚያዘው ረጅም ሕክምና አለ፤ 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል በየሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር። ስድስት ወር ሙሉ የሚወሰድ ስለሆነ በሐኪም ክትትል እንጂ በጎረቤት ምክር አይጀመርም። አቋርጠው እየጀመሩ መዋጥ ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ፈንገስ ያፈራል።

የልጄ ምላስ ነጭ ሆነ። ወተት ነው ወይስ ፈንገስ?

ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ነክረው ምላሱን ቀስ ብለው ይንኩት። ወተት ከሆነ ይለቃል። ፈንገስ ከሆነ ይጣበቃል፤ በኃይል ከተፋቀ ሥሩ ቀልቶ ሊደማ ይችላል። ሌላው መለያ ቦታው ነው። ወተት ምላስ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ፈንገስ በጉንጭ ውስጠኛው ገጽ፣ በድድና በላንቃ ላይም ነጠብጣብ ይሠራል። ጡት ሲይዝ ማልቀስ፣ ይዞ መልቀቅም ምልክት ነው።

እባካችሁ በጨውና በጣት አትፈትጉት። ቁስሉ ይሰፋል፣ ልጁ መጥባት ይጠላል። ማር መቀባትም አለ። የጅማ ማር መልካም ማር ነው፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማንኛውም ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ሕፃኑን ለእንጥል ቆራጭ መስጠትማ አፍ ላይ ላለ ፈንገስ አንዳች አይፈይድም፤ ልጁን ለደም መፍሰስና ለመመርቀዝ ያጋልጣል። ይህን የምለው ያንን ያደረጉ እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ለልጃቸው ብለው ነው ያደረጉት።

መድኃኒቱ ኒስታቲን የሚባል ቢጫ ጠብታ ነው። በአብዛኛው 1 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ፣ ከጠባ በኋላ፣ ግማሹ በአንድ ጉንጭ ግማሹ በሌላው ይደረጋል። ጠርሙሱ በደንብ ይናጥ። ቁስሉ ከጠፋ በኋላ ሁለት ቀን ይጨመርበት፤ ብዙ እናት ነጩ እንደጠፋ ታቆመዋለች፤ ከዚያ ይመለሳል። ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ ለሕፃን የሚያሰጋ አይደለም። (በነገራችን ላይ ይህን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1950 ለዓለም ያሳወቁት ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። ስሙም ከሚሠሩበት ከኒው ዮርክ ግዛት የተወሰደ ነው።)

የእናትየው የጡት ጫፍ ከቀላና ከወጋት እሷም አብራ ትታከም፤ አለዚያ ፈንገሱ ከአፍ ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ አፍ ሲመላለስ ይኖራል። ጡጦና የእንጀራ እናት የሚባለው የፕላስቲክ ጡት ካለ በየቀኑ ይቀቀል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። የልጁ መቀመጫም በዳይፐር ምክንያት ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ፣ እሱም ያው ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ይታይ።

አዋቂ ሰው አፉ ላይ ሲወጣስ?

በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለአስም ስቴሮይድ በአፍ የሚስብ ሰው ላይ ቢወጣ ምክንያቱ ይታወቃል፤ መድኃኒቱን ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ይከላከለዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ አዛውንቶች ሌሊት ያውልቁት፣ ይጠቡት። ምንም ምክንያት ሳይኖር አፉ ነጭ የሆነበት ጎልማሳ ግን የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራ ያድርግ። ምግብ ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዶ ይሆናል፤ ይህ በጠብታ አይድንም፤ ከ14 እስከ 21 ቀን የሚወሰድ ፍሉኮናዞል በሐኪም ይታዘዛል።

ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች ግን ፈንገስ አይደለም፤ በቫይረስ የሚመጣ ነው።

ቆዳዬ ላይ የወጣው ቋቁቻ ነው ወይስ ጭርት?

ጭርት ከእርሾ ወገን ያልሆነ ሌላ ፈንገስ ነው፤ ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ይላል፣ መሐሉ ይጠራል። ቋቁቻ ግን እርሾ ነው፤ ማላሴዝያ ይባላል፤ ሁሉም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ሙቀትና ላብ ሲበዛ ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያወጣል። ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ ሰውም አያስይዝም። ኬቶኮናዞል ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፑ ቦታው ላይ ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጩ ምልክት እስኪጠፋ ወራት ይወስዳል። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው የሚመለሱት ብዙ ጊዜ የዳኑ ሰዎች ናቸው፤ የቀረው ቆዳው ቀለሙን እስኪመልስ መጠበቅ ነው።

ካንዲዳ ቆዳ ላይ ሲሆን የሚመርጠው ቆዳ ከቆዳ የሚነካካበትን ነው፤ ከጡት ሥር፣ ብብት፣ ጭን መሐል። በምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥቡና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ደግሞ በጣቶቻቸው መካከል ነጭ ሆኖ የተላጠ ቆዳ፣ በጥፍራቸው ዙሪያ ያበጠ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ። አንዷ እጇን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ስታሳየኝ የመሐል ጣቷና የቀለበት ጣቷ መሐል እንደ ረጠበ ወረቀት ነጥቶ፣ ሥሩ ቀልቶ ነበር። ክሬሙን ከወሰደች በኋላ ዋናው ነገር እጇን ማድረቅ መሆኑን ነገርኳት፤ ጓንት፣ ከውስጡ ደግሞ ስስ የጥጥ ጓንት። ቀለበትም በሥራ ጊዜ ይውለቅ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡ። ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ያደርገዋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ ቆዳውም ይሳሳል።

እንጀራ፣ ጠላ፣ ማር መተው አለብኝ?

የለብዎትም። የእንጀራው እርሾ ምጣድ ላይ በእሳት ይሞታል፤ ቢኖርም በሽታ የሚያመጣው ዓይነት አይደለም። ምግብ በመከልከል የብልት ፈንገስ እንደሚድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ግን ጣፋጭ መቀነስ ለስኳርዎ ሲባል ግዴታ ነው፤ ስኳሩ ሲስተካከል ፈንገሱም ይቀንሳል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ እርጎ፣ ጭስ ይረዳል?

ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በብልት ውስጥ አይገቡም፤ የቆሰለውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ተቃጥላ የመጣች ሴት አይቻለሁ፤ ሥቃይዋ ከፈንገሱ የባሰ ነበር። እርጎ መጠጣት ጉዳት የለውም፤ ለሕክምና ግን አይበቃም። በጭስ መታጠን ስስ ሥጋን ያደርቃል፣ ያስቆጣልም። ውስጥን በሳሙና፣ በዴቶል ወይም በጨው ውኃ ማጠብ ደግሞ ጠባቂ ባክቴሪያዎቹን ጠርጎ ያወጣል። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል፤ ውጩን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ከመጸዳጃ በኋላም ከፊት ወደ ኋላ ይጠረግ።

«ጠዋት በብርጭቆ ውኃ ላይ ትፉ፤ ምራቁ ክር ከሠራ ሰውነታችሁ በካንዲዳ ተሞልቷል» የሚል ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው?

አይደለም። ምራቅ ወፍራም ስለሆነ ክር መሥራቱ የተለመደ ነው፤ ምርመራ አይባልም። ድካም፣ የሆድ መነፋት፣ ራስ ምታት ሁሉ «በካንዲዳ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ማጽጃ አትግዙ። ድካሙ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላልና ይመርመሩት።

ወደ ደም የሚገባ ካንዲዳ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የሚይዘው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ በደም ሥር ቱቦ ለረጅም ጊዜ የተደረገላቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትና የመሳሰሉት ናቸው። ያ ገዳይ ነው፤ በሆስፒታል ብቻ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው አሳሳቢ የፈንገሶች ዝርዝር ካንዲዳ አልቢካንስንና እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ የተለየውን ካንዲዳ ኦሪስን ከመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጧቸዋል።

ጅማ ውስጥ የት ልሂድ? ምንስ ልበል?

ቅርብዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልኩዎታል። ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ከወር አበባ ውጭ ደም ካለ፣ ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ መዋጥ ካቃተዎት ቀን አይቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መናገር ይችላሉ፤ ሴት ባለሙያ ከፈለጉም ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

መቼ እንደጀመረዎት፣ ያሳክክ ወይም ይሸት እንደሆነ፣ ማርገዝዎን፣ በቅርቡ የወሰዱትን አንቲባዮቲክ ይንገሩ። የተጠቀሙባቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ጥለው ከሆነም መልኩን ያስታውሱት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሰው በዝቶ መናገር ከከበደዎት ስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩን፤ የመድኃኒቱን ስም ሳይሆን የሚሰማዎትን ይጻፉ።